የሱቅ ስፋት የማን ጉዳይ ነው?

አንድ ሰው በገዛ ገንዘቡ መሬት ገዝቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሐላል ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ሊያቆም ተነሣ እንበል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሚዛኑም ትክክል ነው፤ ግዙኝ ብሎ የሚያስገድደው ሰው የለም። የከተማው ነዋሪዎች ግን ተሰብስበው «መደብርህን ሥራ፤ ስፋቱ ግን ከዚህ አይለፍ» አሉት። ለመሆኑ እንዲህ ለማለት ምን መብት አላቸው? በሰው ንብረት ላይ ወሰን ማበጀት ፍትሕ ነውን? ወይስ የሕግ ካባ የደረበ ምቀኝነት?

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሜይን ግዛት፣ ዳማሪስኮታ የምትባል ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት የወንዝ ዳር ከተማ አለች። ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የችርቻሮ ኩባንያ በዚያች ከተማ መደብር ሊከፍት ማሰቡ ሲሰማ ነዋሪው መከራከር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ድምፅ ተሰጠና ማንኛውም የችርቻሮ መደብር ከ35 ሺህ ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ከ3,250 ካሬ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ ጸደቀ። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ኒውካስልም ብዙ ሳትቆይ ተመሳሳይ ደንብ አወጣች።

ይህ ወሰን ለጉሊት የተበጀ እንዳይመስለን። 3,250 ካሬ ሜትር የእግር ኳስ ሜዳን ግማሽ ሊያክል ጥቂት የቀረው ነው። ኩባንያው በዚያ ዘመን «ሱፐርሴንተር» እያለ የሚሠራቸው መደብሮች ግን በአማካይ ከ17 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነበሩ። ይህን ለሁለት ሺህ ነዋሪ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ከ8 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል። ይህም አንዲት ትንሽ ክፍል ማለት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ መደብር በዚያች ከተማ ገበያ ብቻ ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው። የሚኖረው በዙሪያው ያሉትን ከተሞች ገዢ ሁሉ ጠቅልሎ ሲወስድ ነው። የክርክሩ ሥር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ለነጋዴው ፍትሐዊ እንሁንለት። ሳም ዋልተን የመጀመሪያውን ዋልማርት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 በአርካንሳስ ግዛት፣ ሮጀርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የሰውዬው ስሌት ቀላል ነው፤ ትልልቆቹ ነጋዴዎች በናቋቸው ትንንሽ ከተሞች ትልቅ መደብር መክፈት፣ በብዛት ገዝቶ ዋጋ ማስቀነስ፣ በትንሽ ትርፍ ብዙ መሸጥ። በዚህ ውስጥ ነውር የሚባል ነገር የለም። በትንሽ ትርፍ ቶሎ ቶሎ መሸጥ እኛም መርካቶ ላይ የምናውቀው ብልሃት ነው። በጉዳዩ ላይ ጥናት ካደረጉት መካከል ኢኮኖሚስቷ ኤሜክ ባስከር፣ ኩባንያው በገባባቸው ከተሞች እንደ አስፒሪን፣ የጥርስ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ያሉ ዕቃዎች ዋጋ መቀነሱን አሳይተዋል። በሰዓት ክፍያ አራት ልጆች ለምታሳድግ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሳሙና የተረፈው ገንዘብ የልጅ ጫማ ይሆናል።

በሌላ በኩል ያለውም እውነት ነው። በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ምሁር የነበሩት ኬኔዝ ስቶን የግዛታቸውን ትንንሽ ከተሞች ለዓመታት አጥንተው ነበር። መደብሩ በተከፈተበት ከተማ አጠቃላይ ሽያጭ ይጨምራል፤ ምግብ ቤቱን የመሰለ፣ መደብሩ የማይሸጠውን የሚሸጥ ሁሉ ይጠቀማል። ያንኑ ዕቃ የሚሸጡት ግን ይጎዳሉ። ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚደርሰው መደብሩ ባልተከፈተባቸው አጎራባች ትንንሽ ከተሞች ላይ ነው፤ ገዢያቸው በመኪና ተነሥቶ ይሄዳልና። ባስከር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ አውራጃ አንድ መቶ ያህል ተጨማሪ የችርቻሮ ሥራ እንደሚገኝ፣ ሌሎች ሱቆች ሲዘጉ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሹ ተመልሶ እንደሚጠፋ አስልተዋል። ነገሩ ያስፈራሩን ያህል ጥፋት፣ ያወደሱልን ያህልም በረከት አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ «ሰዎች ትንሿን ሱቅ ከወደዱ ከእርሷ ይግዙ፤ ካልወደዱ ትዘጋ፤ ምን ደንብ ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ይስታል። እኔ ዛሬ ከትልቁ መደብር ሳሙና ስገዛ የምወስነው ስለ ሳሙናዬ ብቻ ነው። የሠፈሬ መድኃኒት ቤት ይዘጋ ብዬ አልወሰንኩም። ጎረቤቴም እንዲሁ። ሺህ ሰው እያንዳንዱ ስለ ሳሙናው ብቻ ሲወስን ግን መድኃኒት ቤቱ ይዘጋል። ማንም ያልመረጠው ነገር በሁሉም እጅ ተፈጸመ። ሌሊት ልጅ ሲታመምብን በር አንኳኩተን የምንቀሰቅሰው ሰው የት ሄደ ብለን የምንጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው «ከተማችን ምን ትምሰል?» ብለው ቢመክሩ የገዢነት ነጻነታቸውን ጣሉት አይባልም። እያንዳንዱ ለብቻው ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ በጋራ መለሱት እንጂ።

ነገር ግን በጋራ መወሰን በራሱ ፍትሕ አይሆንም። በጉባኤው ላይ እጁን ካወጣው መካከል ሳሙና ሲገዛ ሳንቲም የሚቆጥረው ስንቱ ነበር? ቤቱ ውብ፣ ሆዱ የጠገበ ሰው «ከተማችን ጸጥ ትበል» ሲል የጸጥታውን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ያቺ የአራት ልጆች እናት ርካሽ ዕቃ ፍለጋ ነዳጅ አቃጥላ ሌላ ከተማ ትሄድ ይሆናል። መኪና ከሌላት ደግሞ ውዱን ትገዛለች። ስለዚህ የስፋት ደንብ የሚያወጣ ሁሉ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ «ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለእኛ እንግዳ የማያደርገው አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ ሓጢብ ኢብን አቢ በልተዓን (ረ.ዐ.) ዘቢብ በርካሽ ሲሸጡ አገኟቸው። ዑመርም ወይ ዋጋቸውን ከፍ እንዲያደርጉ፣ ወይ ከገበያው እንዲወጡ ነገሯቸው። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ የመዘገቡት ይህን ያህሉን ነው። ኢማም ሻፊዒይ ያስተላለፉት ዘገባ ግን ረዘም ይላል። በዚያ ዘገባ መሠረት ዑመርን ያሳሰባቸው ከጧኢፍ ዘቢብ ጭኖ የሚመጣው ቅፍለት ነበር፤ ነጋዴዎቹ መጥተው የሓጢብን ዋጋ ሲያዩ ይጎዳሉ ብለው ሠግተዋል። ይሁን እንጂ ዑመር ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነገሩን ካወጡ ካወረዱ በኋላ ወደ ሓጢብ ቤት ሄዱ። የተናገሩት ነገር ለከተማው ሰው በጎ በማሰብ እንጂ ፍርድም ትእዛዝም እንዳልነበረ ገለጹላቸው፤ በፈለጉበት ቦታ፣ በፈለጉት ዋጋ እንዲሸጡም ፈቀዱላቸው።

ዑለማዎች በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። የኢማም ሻፊዒይ ማስረጃ ግልጽ ነው፤ ሰው በንብረቱ ላይ ባለመብት ነውና አሳንሶ በመሸጡ አይገደድም። ጸሐፊው ፈትዋ የመስጠት ደረጃ የለውም፤ በሁለቱ ኢማሞች መካከልም ፈራጅ ሆኖ አይቀመጥም። ከታሪኩ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። የመሪው የመጀመሪያ ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ከሩቅ ለሚመጣው፣ ገና ገበያው ውስጥ ላልደረሰው ሰው አዝነዋል። የዛሬው ርካሽ ዘቢብ የነገውን ቅፍለት ቢያስቀርስ? ሁለተኛው ሐሳባቸውም ክፉ አልነበረም። በርካሽ የሚገዛው ድሀ መብት አለው፤ ሻጩም መብት አለው፤ በጎ ማሰብ ብቻውን ሰውን ለመከልከል አይበቃም። ከሁሉ በላይ አንድ ታላቅ መሪ የሰውን እንጀራ የሚነካ ቃል ከተናገረ በኋላ ቤቱ ገብቶ ራሱን መመርመሩን ልብ እንበል። ደንብ የሚያወጣ ሁሉ ይህን ያህል ቢጠነቀቅ ምንኛ በታደልን!

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ስንሄድም ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን እናገኛለን። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ተመን እንዲያወጡ ቢጠየቁ አልፈቀዱም። በአንጻሩ ነጋዴ ከከተማ ወጥቶ ቅፍለቱን መንገድ ላይ ተቀብሎ፣ ባለዕቃው የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ ዕቃውን እንዳይጠቀልል ከልክለዋል። ልዩነቱን እናስተውል። በመጀመሪያው፣ ዋጋው በሻጭና በገዢ መካከል እንዲኖር ተተወ። በሁለተኛው፣ አንድ ብልጥ ሰው ገበያውን ከበሩ ላይ ዘግቶ ለብቻው እንዳይይዘው ወሰን ተበጀ። ዋጋው ነጻ ሆኖ፣ የገበያው በር ግን ይጠበቃል። የስፋት ወሰን ከሁለቱ ወደ የትኛው ይቀርባል? መልሱ በደንቡ ዓላማ ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል። በሩ ለብዙዎች ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ከታሰበ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። ውስጥ ያሉት ተመችቷቸው እንዲቀመጡ ከታሰበ ግን የተከለከለው ተመን በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

በሩን ለመጠበቅ ተብሎ የወጣ ደንብ በሩን ሲዘጋ ያየች አገር ፈረንሳይ ናት። እዚያ ካርፉር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 በፓሪስ አቅራቢያ 2,500 ካሬ ሜትር የሚሰፋ መደብር ከፈተ። መሰሎቹ በየከተማው ሲበራከቱ ትንንሽ ነጋዴዎች ተነሡ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1973 በወቅቱ የንግድ ሚኒስትር በነበሩት፣ የቱር ከተማ ከንቲባም በሆኑት በዣን ርዋዬ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። ከ40 ሺህ ሰው በታች በሚኖርባቸው ከተሞች ከ1,000 ካሬ ሜትር፣ በሌሎቹ ደግሞ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ መሸጫ ያለው መደብር ለመክፈት ከአንድ ኮሚሽን ፈቃድ ማግኘት ግድ ሆነ።

ኮሚሽኑ 20 አባላት ነበሩት። ዘጠኙ የአካባቢው ተመራጮች፣ ዘጠኙ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ሁለቱ ብቻ የሸማቾች ተወካዮች። እስኪ እናስበው! አዲስ ተወዳዳሪ ይግባ አይግባ ብለው የሚፈርዱት ራሳቸው ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። የሚገዛው ሕዝብ ከሃያ ሁለት ወንበር ብቻ ተሰጠው። ከዚያ የሆነው ብዙ አያስደንቅም። ፈቃድ የገንዘብ ምንጭ ሆነ፤ ጉቦና ለፖለቲካ ፓርቲዎች የሚሰጥ ገንዘብ ከመደብር ፈቃድ ጋር ተቆራኘ፤ ነገሩ አገራዊ ቅሌት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 የሙስና መከላከያ ሕግ ሲወጣ አሠራሩ እንዲለወጥ ተደረገ። ማሪያን በርትራንድና ፍራንሲስ ክራማርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሕጉ አዲስ ገቢን እንዳገደ፣ በችርቻሮ ንግድ የሥራ ዕድል ዕድገትን እንደጎዳና ገበያው በጥቂት ትልልቆች እጅ እንዲሰበሰብ እንደረዳ አሳይተዋል። ለትንሹ የወጣው ሕግ ቀድሞ ለገባው ትልቅ አጥር ሆነለት። ወሰኑ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ 300 ካሬ ሜትር ወርዶ፣ በ2008 እንደገና ወደ 1,000 ከፍ ተደረገ።

ዳማሪስኮታስ ከዚህ ነጻ ናትን? በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ፣ ከዚያም በግዛቲቱ ብዙ ቅርንጫፎችን የከፈተ ሬኒስ የሚባል የቤተሰብ መደብር አለ። የስፋት ደንቡ ሳይፈልግም ቢሆን እርሱንም ይጠብቃል። እዚህ ላይ ግን ከፈረንሳዩ የሚለየው ነገር አለ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቁጥሩ ታውቋል፤ «ለእገሌ ይፈቀድ፣ ለእገሌ ይከልከል» የሚል ኮሚሽን የለም። ዋልማርትም ቢሆን ከ3,250 ካሬ ሜትር በታች ሠርቶ እንዳይገባ ደንቡ አይከለክለውም። የወሰኑትም በነጋዴነታቸው የተመረጡ ሰዎች ሳይሆኑ የከተማው መራጭ ሕዝብ ነው። በተጨማሪም ከተማ በመሬት አጠቃቀም ላይ የመወሰን ሥልጣን እንዳለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 ዩክሊድ በምትባል የኦሃዮ ትንሽ ከተማ ጉዳይ ላይ አጽንቷል። መንገዱ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ መደብሩ የተዘጋ ቀን ባዶውን የሚቀረው ሰፊ ሜዳ ሁሉ የሚተርፈው ለከተማው ነውና።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የጸሐፊው አስተያየት የሚከተለው ነው። ትንሽ ከተማ የመደብርን ስፋት መወሰን ይችላል፤ ግፍም አይሆንም። ይህ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። አንደኛ፣ ወሰኑ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ቁጥር ይሁን እንጂ በሰው ስም ላይ የሚንጠለጠል ፈቃድ አይሁን። ሁለተኛ፣ ተወዳዳሪ በተወዳዳሪው ላይ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥ፤ ሳንቲም የሚቆጥረው ገዢ በጉባኤው ላይ ወንበር ይኑረው። ሦስተኛ፣ ስፋት ይወሰን እንጂ በር አይዘጋ፤ የሚፈቀደው ስፋት አዲስ ሰው ገብቶ ዋጋ ሊቀንስበት የሚችል ይሁን። አራተኛ፣ ደንቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመርመር፤ ዋጋው ንሮ ድሀው ከተጎዳ፣ ዑመር (ረ.ዐ.) እንዳደረጉት ቃልን ማንሣት ውርደት አይደለም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. ለዘመናት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየው የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ከእኛ መካከል በሱቅ ገቢ ያደገ፣ በሱቅ ገቢ የተማረ፣ ዛሬም በሱቅ የሚተዳደር ብዙ ነው። ስለዚህ «ይከልከሉልን!» የሚለው ጩኸት ለአፋችን ቅርብ ነው። እስኪ ከመጮኻችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ስኳር ሲጠፋ ጓዳ ውስጥ የደበቀው ማን ነበር? በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የቀላቀለው፣ ሚዛኑን በጣቱ የሚደግፈው፣ ለማያውቀው ገዢ ዋጋ የሚጨምረውስ? ቁርኣን በሚዛን የሚያጎድሉትን በስማቸው በጠራ ምዕራፍ ያስጠነቀቀው ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ አይደለም። አነስተኛ ሱቅ መሆን በራሱ ጽድቅ አይደለም። ገዢውን እየበደለ «ከትልቁ አድኑኝ» የሚል ነጋዴ የሚጠይቀው ጥበቃ ለበደሉ ነው።

በአንጻሩ ባለሱቃችን የሚሸጠው ዕቃ ላይ ማንም ትልቅ መደብር ሊጨምረው የማይችለውን ጨምሮ ሲሰጥ ኖሯል። ደመወዝ ሳይወጣ ለቸገረው በዱቤ ይሰጣል። የዱቤ ደብተሩ ላይ የሟች ስም ሲያገኝ ለአላህ ብሎ ይሰርዛል። የትኛው ቤት እሳት እንዳልነደደ ከማንም በፊት ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ማጣት ለከተማ ጉዳት ነው፤ ይህን ጉዳት በሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ ደንብም ፍትሐዊ ደንብ ነው። ደንቡ ሰውዬውን በሕይወት ያቆየው እንደሆነ እንጂ ደግ ሊያደርገው ግን አይችልም። ያ የእርሱ ፈንታ ነው።

የከተሞቻችን ፕላን ሲሣል፣ ለገበያ የሚሆነው ቦታ ሲለካ፣ ስብሰባ ሲጠራ እንገኝ። ስንገኝ ደግሞ የራሳችንን ሱቅ ብቻ ይዘን አንምጣ። ያቺ ሳንቲም የምትቆጥር እናት በስብሰባው ላይ አልመጣች ይሆናል፤ ሥራ ላይ ናትና። ከእኛ አንዱ ስለ እርሷ ይናገር።

ወላሁ አዕለም።